አሰልጣኝ የሚመዘነው ባስፈረመው ተጫዋች ነው ወይስ ባሳደገው?

የከዚራው ደጋፊ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ የድሬ ኳስ ወዳጆች። የውድድር ዘመን ባለቀ ቁጥር በየሻይ ቤቱ የሚነሳውን ክርክር በጽሑፍ ብናደርገው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የማነሳው፤ በቃል ሲሆን ድምፁ የጎላ ሰው ይረታል። የአንድን አሰልጣኝ ስም ጠርቼ ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ ችግሩ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄድ አብሮት በሄደ ነበር።

የሚያሳስበኝ በአገራችን ክለቦች በየዓመቱ የሚደጋገመው ነገር ነው። ክረምት ሲገባ አሰልጣኝ ይሾማል፤ አሰልጣኙ ቀድሞ በሌላ ክለብ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ያስፈርማል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እሱም እነሱም ይበተናሉ፤ በቀጣዩ ክረምት ሌላው መጥቶ ከባዶ ይጀምራል። በዚህ መሃል በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ እያንከባለለ ያደገው ልጅ ተስፋ ቡድን (የክለቡ ወጣቶች ቡድን) ደርሶ፣ ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ሠርቶ፣ የተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ዕድሜው ያልፋል።

ይህች ከተማ ደግሞ ተጫዋች ጠፍቶባት አያውቅም። የጥጥ ማኅበር (የድሬዳዋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ) ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ይሆን የነበረበትን ዘመን አባቶቻችን ነግረውናል፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚህን ክለብ ማሊያ የለበሰ ሰው ነው። በ1993 ዓ.ም. ለመብራት ኃይል ክለብ በአንድ የሊግ ዘመን 24 ጎል አስቆጥሮ ለረጅም ዓመታት ያልተደፈረ ክብረ ወሰን የያዘው ዮርዳኖስ ዓባይም የድሬ ልጅ ነው።

ታዲያ አንድ አሰልጣኝ ጥሩ መልማይ ነው ወይም ጥሩ አሳዳጊ ነው የምንለው ምን አይተን ነው? የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ ካየን፣ ተሠርቶ የበቃ ተጫዋች አስፈርሞ ስድስተኛ የወጣውና ከተስፋ ቡድን አራት ልጆች አውጥቶ ዘጠነኛ የወጣው በምን ይለያሉ?

ለገሃሬ

ወንድሜ የከዚራው፣ ጥያቄህ መልካም ነው፤ ምስክሮችህ ግን የሚመሰክሩት ለእኔ ወገን፣ ማስፈረም ነውር አይደለም ለምንለው ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ የተወለደው አስመራ ነው፤ የኳስ ሕይወቱንም የጀመረው እዚያው ነው። የምንመካበት የጥጥ ማኅበር ቡድን ራሱ ከሌላ ከተማ በመጣ ተጫዋች የተጠናከረ ነበር ማለት ነው። ዮርዳኖስም ቢሆን ያን ሁሉ ጎል ያገባው በአዲስ አበባ ክለብ ማሊያ ነው። የእኛ ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶ ሲጠቅም ደስ ካለን፣ የሌላው ልጅ እዚህ መጥቶ ሲጠቅም ለምን ይከፋናል?

እስቲ ራስህን በአሰልጣኙ ቦታ አድርገህ አስበው። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ቢበዛ የሁለት ዓመት ነው፤ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ የስንብት ወሬው ከእሱ በፊት ከተማ ይገባል። ለ18 ዓመት ልጅ ዕድል ይሰጠው ብለን የምንጮኸው እኛ ነን፤ ልጁ አንድ ኳስ ሲሳሳት ከመቀመጫችን ተነስተን የምንሳደበውም እኛው ነን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውየው የሚያምነውን የ29 ዓመት ተከላካይ ይዞ ቢመጣ አልፈርድበትም።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገርም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ሲባል ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ፤ የእኛም ስታዲየም ተራው ደርሶት አስተናግዷል። ለቴሌቪዥኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዋናው ቡድን ለሳምንታት በሌላ ከተማ ሆቴል ሲቀመጥ አሰልጣኙ እዚህ የቀረውን ተስፋ ቡድን መቼ ያየዋል? ቀድሞ ቢያንስ ከልምምድ መልስ ቆም ብሎ የልጆቹን ጨዋታ መመልከት ይችል ነበር።

የቀድሞ ተከላካይ

ስለ ምልመላና ስለ ዝውውር ብዙ ተባለ፤ ማሳደግ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ግን አልተነገረም፤ እኔ እሱን ልጨምር።

የከዚራው የጠቀሰውን የደቻቱን አሸዋ እንውሰድ። አሸዋ ኳስን ይይዛል፤ ስለዚህ እዚያ ያደገ ልጅ ኳሷን ከእግሩ ሥር አድርጎ ማታለልና ከፍ አድርጎ መምታት ይለምዳል እንጂ መሬት ለመሬት የሚሄድ ፈጣን ቅብብል አይለምድም። ሣር ላይ ሲወጣ ኳሷ ከጠበቀው ቀድማ ትደርስበትና የመጀመሪያው ንክኪ ሁለት ሜትር ይርቀዋል። መልማይ የሚወድለት ማታለሉን ነው፤ አሳዳጊ የሚያሳስበው ያ ሁለት ሜትር ነው። የመጀመሪያውን ማንም ደጋፊ ከመቀመጫው ሆኖ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ለማረም ወራት ይጠይቃል።

እኔ ከተስፋ ቡድን ያደግሁ ጊዜ ከግብ ጠባቂ ኳስ ስቀበል መላ ሰውነቴን ወደ ራሳችን ጎል አዙሬ ነበር የምቆመው። ከጀርባዬ የሚመጣውን አጥቂ ስለማላየው የምችለው ኳሷን ወደመጣችበት መመለስ ብቻ ነበር። አንድ ረዳት አሰልጣኝ ልምምዱን አስቁሞ ትከሻዬን ያዘና ግማሽ ዙር ወደ መስመሩ አዞረኝ፤ «በራቀው እግርህ ተቀበላት፣ ከመቀበልህ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ ኋላህ እይ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ታኬታቸውን ሲያወልቁ እሱ ያቀብለኛል፣ እኔ እዞራለሁ። ማንም ይህንን በዜና አልሰማውም፤ የፊርማ ክፍያም አልወጣበትም፤ እኔ ግን በሊጉ የተጫወትኩት በዚያ ግማሽ ዙር ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ በድሬ ሙቀት ውድ ነው። ልምምድ በማለዳ ካልተሠራ ፀሐዩ አያሠራም፤ በዚያች አጭር ማለዳ አሰልጣኙ የሚያዘጋጀው ለቀጣዩ ጨዋታ የሚሆነውን አሰላለፍ እንጂ የአንድን ልጅ ትከሻ አይደለም። (ከሰዓት በኋላ ስለሚያዘው የጫት በርጫ አላነሳም፤ እሱ ለብቻው ርዕስ ይፈልጋል።) ስለዚህ አሳዳጊነቱን የምለካው በዋና አሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን፣ ለተጫዋች በግል የሚሠራ ረዳት ቀጥሮ እንደሆነና እንዳልሆነ አይቼም ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ (ከኦሃዮ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ በምኖርበት አገር ይህ ክርክር የሕዝብ በዓል ነው ማለት ይቻላል። የማወራው በእጅ ስለሚያዘው ስለ አሜሪካው ፉትቦል፣ በተለይም ስለ ኮሌጆቹ ነው። አሰልጣኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለመመልመል ቤታቸው ድረስ ሄደው ከወላጆቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ መልማይ ድርጅቶችም ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጡታል። የኮከቡ ብዛት ከንቱ አይደለም፤ ዋንጫውን የሚወስዱት በአብዛኛው ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ የሰበሰቡት ናቸው፤ የአላባማን ኮሌጅ ቡድን ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ኒክ ሴባን በመልማይነቱ ነበር መጀመሪያ የሚፈራው። በሌላ በኩል ዛሬ የባለሙያው የቡፋሎ ቡድን ኮከብ የሆነውን ጆሽ አለንን ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ከትልልቆቹ ኮሌጆች አንድም የፈለገው አልነበረም፤ በአነስተኛ ኮሌጅ በኩል አልፎ ዋዮሚንግ ገባና በ2018 እ.ኤ.አ. የባለሙያ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት ምርጫ ሰባተኛ ሆኖ ተወሰደ።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የጊዜ አሰጣጣቸው ነው። ለረጅም ዘመን በሠራው ሕግ ተጫዋቹ አራት የውድድር ዘመን የሚጫወትበት አምስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በአንዱ ዓመት ከቡድኑ ጋር እየተለማመደ፣ ጡንቻ እየገነባ፣ ሳይጫወት ይቆያል፤ ከ2018 ወዲህ በዚያው ዓመት እስከ አራት ጨዋታ ቢሰለፍም ዓመቱ አይቆጠርበትም። እኛ ዘንድ ልጁ ሲቀመጥ ተረሳ ማለት ነው፤ እዚህ ግን የሚቀመጥበት ዓመት በዕቅድ የተያዘ ነው።

ይህም ቢሆን እየተናጋ ነው። በ2018 መጨረሻ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር መዝገብ ተከፈተ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ዓመት ሳይቀጣ ኮሌጅ መቀየር ቻለ። የክሌምሰኑ አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ (ስሙ ነው፣ አትሳቁ) በ2016 እና በ2018 ውድድር ዘመን ባሳደጋቸው ልጆች ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ለዓመታት ከመዝገቡ ተጫዋች ላለመውሰድ ሲታገል ቆየ፤ ብዙዎችም በግትርነት ወቀሱት። በአንጻሩ አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ወደ ኢንዲያና ሲዛወር ከቀድሞ ኮሌጁ ከጄምስ ማዲሰን 13 ተጫዋቾች ተከትለውት ሄዱ፤ በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የነበረው ቡድን በ2024 11 አሸነፈ። የከዚራው፣ «የሚያውቃቸውን ይዞ ይመጣል» ያልከው በትክክል ይህ ነው፤ ልዩነቱ ሲግኔቲ ያመጣቸው በራሱ እጅ ያለፉትን መሆኑ ነው። ስለዚህ የእኛ አሰልጣኝ ተጫዋች ይዞ ሲመጣ የምንጠይቀው ከየት አመጣቸው ሳይሆን፣ ሲያገኛቸው ምን ነበሩ፣ አሁንስ ምን ሆኑ ብለን ቢሆን እመርጣለሁ።

የሐረሯ

ከጎረቤት ከተማ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፤ ሐረር ቢራን በፕሪምየር ሊጉ እየደገፍን ስላደግን ነገሩ ይመለከተናል።

ማሳደግ ገንዘብ አያስገኝም የሚለው አባባል ስለሚደጋገም አንድ ነገር ልበል። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በክፍያ ሲዛወር ከዝውውር ሂሳቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ በ23 ዓመቱና ከዚያ በታች ውጭ ሄዶ ባለሙያ ሆኖ ሲፈርም ደግሞ የሥልጠና ካሳ አለ። ይህን የሚቀበለው ግን ልጁ በስሙ ተመዝግቦ እንደነበር በሰነድ የሚያሳይ ክለብ ነው። የእኛ ታዳጊዎች በቀበሌ ፕሮጀክት ሲሠለጥኑ መዝገቡ በአሠልጣኙ ደብተር ላይ ይቀራል፤ ደብተሩ ሲጠፋ ልጁ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። የልደት ቀኑ ነገርማ ሌላ ጣጣ ነው፤ ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾችን ዕድሜ ለማረጋገጥ የእጅ አንጓቸውን በኤም.አር.አይ. ማስመርመር የጀመረው በከንቱ አይደለም። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ሲጫወት ጎበዝ ይመስላል፤ እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ በእሱ ቦታ ይቀራል። ይህን የሚያጣራው መልማዩ ነውና ምልመላና ማሳደግን ያን ያህል አትለያዩዋቸው።

የከዚራው ደጋፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከኦሃዮው ወንድማችንና ከእህታችን ሐሳብ ተነስቼ አንድ ነገር ላቅርብ፦ ክለቡ በየዓመቱ መጨረሻ ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች በሊጉ ስንት ደቂቃ እንደተጫወቱ ለደጋፊው እንዲገልጽ፣ ቁጥሩም በአሰልጣኙ ውል ውስጥ ከውጤቱ ጎን እንዲገባ ብንጠይቅስ?

ለገሃሬ

ዝርዝሩ መውጣቱን እደግፋለሁ፤ ውል ውስጥ ይግባ ስትል ግን ፈራሁ። ደቂቃ ብቻ ከተቆጠረ አሰልጣኙ ሦስት ለባዶ እየመራ 80ኛው ደቂቃ ላይ ልጆቹን እያስገባ ይሞላልሃል፤ ወረቀቱ ያምራል፣ ልጁ ግን ምንም አይማርም።

የቀድሞ ተከላካይ

እንግዲያው ውጤቱ እኩል ሳለ ወይም የጎል ልዩነቱ አንድ ብቻ ሳለ የተጫወቱት ደቂቃ ብቻ ይቆጠር። ለተከላካይና ለግብ ጠባቂ ደግሞ ለብቻው ይያዝ፤ አሰልጣኝ ልጅን አጥቂ ቦታ ላይ መሞከር አይፈራም፣ ኋላ መስመር ላይ ነው የሚፈራው።