«ጠፉ» የሚባሉት የት ሄደው ነው? የመድኃኒት ሙከራ ጥናትና የወሎ ሰው

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ደሴ አንድ የጤና ምርምር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ተናጋሪ ስላይዱን እየገፋ «የገጠሩ ሕዝባችን ለመመዝገብ ችግር የለበትም፤ ከተመዘገበ በኋላ ነው የሚጠፋው። ግንዛቤ ላይ መሥራት አለብን» አለ። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ደሜ ፈላ። ሰው እንደ ፍየል ይጠፋል እንዴ? አክስቴ የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የቆዳ በሽታ መድኃኒት ጥናት ውስጥ ነበረች። ሁለት ቀጠሮ ሄደች፣ ሦስተኛውን ቀረች። ቤቷ እዚያው ኩታበር ነው። ቡናዋን ስታፈላ ጭሱ ከአስፋልቱ ይታያል። ማን ፈልጓት ነው የጠፋችው?

ቁጥር አይዋሽም፦ ወንድሜ፣ ቃል ላይ አትንጠልጠል። «ጠፋ» የሙያ ቃል ነው፤ ስድብ አይደለም። ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ ልንገርህ። ከመቶ ተሳታፊ ከ5 በታች ቢቀር ውጤቱ ብዙም አይናጋም፣ ከ20 በላይ ከቀረ ግን ጥናቱን ማመን ይከብዳል፤ በዘርፉ በልማድ የተያዘው መለኪያ ይኸው ነው። የሚቀሩት ሰዎች እኮ በአጋጣሚ አይቀሩም። መድኃኒቱ ያሳመማቸው ቤታቸው ተኝተው፣ የተሻላቸው ብቻ ቢመጡ፣ ጎጂውን ነገር «ይሠራል» ብለን እናጸድቀዋለን። አክስትህ ስትቀር ከእሷ በኋላ የሚታከመው ሰው ይጎዳል።

በረካ፦ አሃ፣ ጥፋቱ የአክስቱ ሆነ ማለት ነው። የሙያ ቃል እኮ ጥሩ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ቢጠፋ «ስብሰባ ላይ ነው» ይባላል፣ በሽተኛው ቢጠፋ ግን «ጠፋ» ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ «ጥፋቱ የአክስቱ ነው» የት ላይ አልኩ? ጥቀስልኝ።

በረካ፦ «አክስትህ ስትቀር … ሰው ይጎዳል»። ጠቀስኩልህ።

ሲስተር ዘኩታበር፦ እናንተ ስትነታረኩ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። 11 ዓመት ነርስ ነኝ፤ ሁለት ጥናት ላይ መረጃ ሰብስቤያለሁ። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «ፈቃዱን ያነሳ»፣ ሌላው «ሊገኝ ያልቻለ»። የመጀመሪያውን ለመሙላት ሰውየው በአፉ «በቃኝ» ማለት አለበት። በሁለት ጥናት «በቃኝ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጭነት ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። የኛ ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም፣ ይሉኝታ አለበት። «እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» ወይም «እግዜር ካለ» ይልና ይቀራል። መቅረቱ ነው እምቢታው። እኛ ግን ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ እናስገባዋለን።

መምህር ዘአቅስታ፦ ሲስተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ኢንሻአላህ እምቢታ አይደለም። ኢንሻአላህ ያለ ሰው አምኖ ነው ያለው።

ሲስተር ዘኩታበር፦ ጋሼ፣ ሃይማኖቱን አልነካሁም። እኔም እላለሁ። ግን እርስዎም «ኢንሻአላህ» ብለው የቀሩበት ለቅሶ ቤት ይኖራል።

መምህር ዘአቅስታ፦ ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም።

የባቲ ሰኞ፦ 😂 ለቅሶውን ተዉትና ቀጠሮውን አንሱ። ወንድሜን ለአንድ ጥናት የቀጠሩት ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ነው። በባቲ! ባቲ ሰኞ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው ቀጠሮውን ያወጣው። ግመሉና ፍየሉ ከአፋር መጥቶ ገበያው በሚሞላበት ቀን ወንድሜ ንግዱን ትቶ ደም ሊሰጥ ይሂድ? ማክሰኞ ቢሉት እየሮጠ ይሄድ ነበር። ይኼ የግንዛቤ ችግር ከሆነ ግንዛቤ የጎደለው ለማን ነው?

ቁጥር አይዋሽም፦ በዚህ እስማማለሁ። እንዲህ ያለው ነገር በጥናቱ ዕቅድ ላይ መጻፍ አለበት።

በረካ፦ ተመዝግቦ ይያዝልኝ፤ ቁጥር ተስማማ።

ሲስተር ዘኩታበር፦ ረመዳንም እንደዚሁ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ጠዋትና ቀትር ላይ ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ። ኢፍጣርና ሱሁር ላይ ይሁን ብዬ ስጠይቅ ፈቃዱ እስኪመጣ ወሩ አለቀ። ግን እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሚልቴፎሲን የሚባለው የቁንጭር (የቆዳ ቁስል በሽታ) ክኒን ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ ልትወልድ በምትችልበት ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፣ መከላከያም ትወስዳለች። ሕጉ ልክ ነው፤ አልከራከርም። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ፣ ያላገባች፣ ቁስሉ ግራ ጉንጯን ይዞት፣ ከአባቷ ጋር መጣች። ሐኪሙ ቀና ሳይል፣ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ «ሽንት ስጪ፣ እርጉዝ አለመሆንሽን እንይ» አላት። አባትየው ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት፣ አለቀ። ልጅቷ የሽንት ዕቃውን ተቀብላ ወጣች። ማታ ክፍሉን ስዘጋ ዕቃውን መስኮቱ ላይ አገኘሁት፤ ባዶ ነው፣ ክዳኑ እንደተከደነ። ሳጥኑ ላይ ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ። «ሊገኝ ያልቻለ»።

የጦሳ ልጅ፦ እግዚኦ። ታዲያ ይቺ ልጅ ጠፋች ነው ወይስ ተባረረች?

ቁጥር አይዋሽም፦ ይኼ የአንድ ሐኪም ብልግና ነው እንጂ የጥናቱ አሠራር አይደለም። አባትየውን ለአምስት ደቂቃ ውጭ ማስቀመጥ ማን ይከለክላል?

ሲስተር ዘኩታበር፦ ክፍል አለመኖሩ ነዋ የሚከለክለው። አንድ ክፍል፣ ሦስት ጠረጴዛ።

መምህር ዘአቅስታ፦ እኔም የታዘብኩትን ልጨምር። ሰፈራችን መጥተው ሲያስረዱ፣ አንዱ ቡድን አዲሱን መድኃኒት፣ ሌላው የቆየውን እንደሚያገኝና የሚለየው በዕጣ መሆኑን ነገሩን። ሰው ግራ ሲጋባ አንዱ ወጣት ብልጥ ነኝ ብሎ «እንደ እቁብ ዕጣ ነው» አለ። ሁሉም ተመዘገበ። ችግሩ፣ እቁብ ዛሬ ባይወጣልህ ከርሞ ይወጣልሃል። ሰዎቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ከረሙ። ጥናቱ ሊያልቅ ሲል «የኔ ዕጣ መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ እንደማይደርሳቸው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ማን ይመለሳል? «ተበላን» ነው ያሉት።

በረካ፦ የእቁብ ዳኛው ገንዘቡን ይዞ ጠፋ በሉዋ። እዚህ ላይ «ጠፋ» ልክ ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ መምህር፣ ምሳሌው ስህተት ነው፤ ግን ሲመዘገቡ ጠቅሟል አይደል? ምልመላ ላይ ምን እንደሚሠራ የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ላይ፣ ለተሳታፊ የሚሰጠውን የመረጃ ቅጽ ከተጠቃሚዎች ጋር እየፈተኑ ማሳመሩ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ለጥሪው መልስ ላልሰጡ ሰዎች ስልክ መደወል ግን ምልመላውን ጨምሯል። እናንተ ስለ አነጋገር ስትጨነቁ መረጃው «ደውሉ» ነው የሚለው።

የባቲ ሰኞ፦ ደውሉ? በፖስታ ተጋብዞ ዝም ያለን ፈረንጅ ነው የቆጠሩት። እኛ ጋ ስልኩ የጎረቤት ነው፣ ኔትወርኩ ዳገቱ ላይ ነው።

ሲስተር ዘኩታበር፦ ቢነሳስ? «ሰይድ መሐመድ አለ?» ብዬ አንድ ቀበሌ ብደውል «የትኛው?» ነው መልሱ። ስምንት አሉ። አሁን ስመዘግብ ሰፈር የሚጠራበትን ስም፣ የሚቀመጥበትን ሱቅና የሚወጣበትን ገበያ እጽፋለሁ። ማዕከሉ «ፎርሙ ላይ ቦታ የለም» አለኝ። ጀርባው ላይ ነው የምጽፈው። ደግሞ የቀረ ካለ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።

በረካ፦ ቆይ ቆይ። «መቅረቱ ነው እምቢታው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ እምቢ ያለን ሰው ቤቱ ድረስ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ? በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪው ድንጋጌ ተሳታፊ በፈለገው ጊዜ ያለ ምንም ቅጣት ማቋረጥ ይችላል ይላል። ቡና አፍልታ ስትጠብቅሽ ይሉኝታዋን ልትቀስቅሺ ነው?

ሲስተር ዘኩታበር፦ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንዳንዴ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ቁጥር አይዋሽም፦ አስተውሉ! የጦሳ ልጅ «ማን ፈልጓት ነው» ብሎ ከሰሰን፣ በረካ ደግሞ ስንፈልጋት ይከሰናል። ወስኑልን።

በረካ፦ ካኖ፣ ናይጄሪያ፣ 1996 እ.ኤ.አ.። በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መሀል 200 ልጆች ከገቡበት የመድኃኒት ሙከራ 11 ሞቱ፤ ወላጆቹ ሙከራ መሆኑን አልተነገረንም ብለው ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው ካኖ ሕዝቡ የፖሊዮ ክትባት አንወስድም ሲል «ግንዛቤ የለውም» የተባለውም እሱ ነው። ሰው የሚቀረው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ስለሚያውቅም ይቀራል።

ቁጥር አይዋሽም፦ ከኩታበር ካኖ ዘለልክ። የትራንስፖርት ከፍሎ ስልክ መደወልን ከዚያ ጋር ማገናኘት ምን ይባላል? ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ ገንዘቡ ከፍ ካለ «መደለያ ነው» ይለናል።

የባቲ ሰኞ፦ መደለያ! የስብሰባ ውሎ አበል ግን መደለያ አይደለም።

የጦሳ ልጅ፦ ቁጥር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከከተማው ማን ቀድሞ ወጣ? የጥናት ሰዎቹ መኪና ነበራቸው። ተሳታፊዎቹ በእግራቸው። በዚያ ፎርም ላይ የጠፋው ማን ተብሎ ተጻፈ?

ቁጥር አይዋሽም፦ ይኼ ፍትሐዊ አይደለም። እኔም ያኔ ደሴ ነበርኩ። በእግሬ ነው የወጣሁት።

የጦሳ ልጅ፦ ይቅርታ። አላወቅኩም።

መምህር ዘአቅስታ፦ የጦሳ ልጅ፣ ግን አክስትህ ለምን ቀረች? ጠይቀሃታል?

ሲስተር ዘኩታበር፦ እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር።

በረካ፦ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ መልስ የለም። የከሰሰን ሰውዬ ጠፋ።

የጦሳ ልጅ፦ አልጠፋሁም! መብራት ሄዶ ነው። ደውዬላት ነበር። «እሱን ተወው፣ ቡና ጠጣህ?» አለችኝ።

ሲስተር ዘኩታበር፦ እሺ፣ አንተን የትኛው ሳጥን ውስጥ ላስገባህ?