ያለ ስልክና ያለ ኮምፓስ በጓሳ አቅጣጫን ስለ ማወቅ

ጥያቄ (የደብረ ብርሃን መምህር)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ በመጪው ጥር ወር የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብ አባላት ይዘን ከመሐል ሜዳ በመነሣት የመንዝ ጓሳን ሜዳ በእግር ወደ ደቡብ ለማቋረጥ አስበናል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅና ኔትወርክም በየቦታው ይገኛል ተብሎ ስለማይታመን፣ ተማሪዎቹ ከተፈጥሮ ምልክቶች ብቻ አቅጣጫቸውን ማወቅ እንዲችሉ አስቀድሜ ላስተምራቸው እፈልጋለሁ። ያገኘሁት አንድ የውጭ አገር መመሪያ ግን የሚሰጠው ሦስት ደንቦችን ነው፤ ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ ትሆናለች፣ ሽበት (እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አረንጓዴ ነገር) የሚበቅለው በዛፍ ግንድ ሰሜናዊ ጎን ነው፣ መንገድ የጠፋው ሰው ወራጅ ውኃ ተከትሎ ይውረድ ይላል። እነዚህ ደንቦች በእኛ አገር ይሠራሉ ወይ?

መልስ (አንኮበሬው)

መምህር፣ መመሪያው የተጻፈው ከእኛ ይልቅ ወደ ሰሜን ርቀው ለሚኖሩ ሕዝቦች ስለሆነ እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል። ሰሜን ሸዋ የሚገኘው በ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ በመሆኑ፣ ከሚያዝያ 8 ገደማ እስከ ነሐሴ 21 ገደማ ድረስ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜናችን ታልፋለች፤ በተቀረው የዓመቱ ክፍል ደግሞ በስተ ደቡባችን። እናንተ የምትሄዱት በጥር ስለሆነ ለጉዟችሁ ደንቡ ልክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ተማሪ ይህንኑ ይዞ በሰኔ ቢወጣ ሰሜኑን ደቡብ ብሎ ይሄዳል። ቀትርም ቢሆን በሰዓታችን ልክ 6 ሰዓት ላይ አይውልም። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ በጥር ወር ጥላ እጅግ የሚያጥረውና በትክክል ወደ ሰሜን የሚያመለክተው 6 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው።

ሰዓት ባይኖርም ዱላ ይበቃል። ዱላውን ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ይትከሉና በጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያኑሩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ጥላው በደረሰበት ጫፍ ላይ ሌላ ጠጠር ያኑሩ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ጧት በማለዳና ማታ መስመሩ ስለሚያጋድል ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። ፀሐይ ራሷም በጥር የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 20 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብላ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የሚታይ የአንድ ጭብጥ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከመውጫዋ ወደ ግራ ሁለት ጭብጥ ቢለኩ ምሥራቅን ያገኛሉ።

ሽበቱን ግን ይተዉት። እዚህ ፀሐይ በሁለቱም ጎን ስለምትመላለስ ሽበት የሚከተለው ጥላን ሳይሆን ርጥበትን ነው፤ ርጥበቱ የሚመጣው ደግሞ ጉም ከሚነፍስበት በኩል ነው።

መልስ (የመንዝ ገበሬ ልጅ)

አንኮበሬው ስለ ፀሐይ የጻፈው መልካም ነው። እኔን ያስፈራኝ ሦስተኛው ደንብ ነውና እባክዎ ለተማሪዎቹ አያስተምሩት። የመንዝ ውኃ ሜዳው ላይ ሲታይ ገር ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው በአፋፉ ተወርውሮ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባል። በሁለቱም በኩል የሚጠብቀው ገደል ነው። ከውኃው ይልቅ የከብት መንገድ ይከተሉ፤ ማታ ከብት ወደ ቤቱ እንጂ ወደ ገደል አይነዳም። በሩቅ የሚታይ የባሕር ዛፍ ጥቅጥቅም ብዙውን ጊዜ ሰፈር አለበት ማለት ነው።

ዋናው የአገሩ ምልክት ግን አፋፉ ራሱ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ስለሆነና ቆላው በምሥራቅ በኩል ቁልቁል ስለሚታይ፣ አፋፉን በግራችሁ አድርጋችሁ ከሄዳችሁ በጥቅሉ ወደ ደቡብ እየሄዳችሁ ነው። ይህ የሚሆነው ሰማዩ ጥርት ሲል ብቻ ነው። ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆንና አፋፉን ባንድ አፍታ ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ጅብራው (ረጅሙ የውርጭ ተክል) ሁሉ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ጉም ከወረደ ልጆቹን ሰብስበው መቀመጥ እንጂ አፋፉን በዳበሳ መፈለግ አይገባም።

ከፍታንም በዓይን ማወቅ ይቻላል። የጓሳ ሣርና ጅብራ ካለ ከ3,200 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ገብስ ካያችሁ ወደ ሰው ወርዳችኋል፤ ማሽላ ካያችሁ ግን ከታሰበው እጅግ ወርዳችሁ ቆላው ቀወት ወረዳ ልትገቡ ነው።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

የሰው እጅ ሥራም ቢሆን ምልክት ነውና ልጨምር። ከአካባቢያችን መካ የሚገኘው በቀጥታ ወደ ሰሜን ለማለት በሚያስደፍር አቅጣጫ ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ የመስጊድ ሚህራብ (የስግደቱን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጉድባ) የሚያመለክተው ሰሜንን ነው፤ በሌላ አገር ይህ አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምሥራቅን ይነግራል። ክብ ሕንፃ ከሩቅ ሲታይ አቅጣጫው ባይለይም፣ ቤተ ልሔሙ (የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት) ብዙውን ጊዜ በስተ ምሥራቁ ይሠራል።

ጥያቄ (የደብረ ብርሃን መምህር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሽበቱንና የውኃውን ደንብ ከትምህርቱ አውጥቻለሁ። ከመሸብንስ በሰሜን ኮከብ መተማመን እንችላለን?

መልስ (አንኮበሬው)

ሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከአገሩ ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ተራራ ወይም ጭጋግ በቀላሉ ይጋርደዋል። በጥር የሚሻለው የኦሪዮን ቀበቶ የሆኑት በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ኮከቦች ናቸው። ሲመሽ በምሥራቅ በኩል ወጥተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጠልቁት ደግሞ በትክክል ለማለት በሚቻል ሁኔታ በምዕራብ ነው። ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ አናት ላይ ሲሆኑ ግን አቅጣጫ አያሳዩምና፣ በዚያ ሰዓት በሰሜን ምሥራቅ የሚወጣውን ታላቁ ድብን ፈልጉ፤ ቀድመው የሚወጡትን የዳር ሁለቱን ኮከቦች የሚያገናኘው መስመር በአምስት እጥፍ ሲረዝም ሰሜን ኮከብ ላይ ያደርሳል። ይህን የምትጠቀሙበት ከድንኳናችሁ አጠገብ ሆናችሁ ለነገው መንገድ መሬት ላይ መስመር ለማስመር ይሁን፤ በዚያ አፋፍ ላይ በሌሊት ልጆችን ይዞ መጓዝ አይመከርም።