የአጥንት፣ የዘርና የአምበር ዶቃ፦ እውነተኛውን መለየትና ለጌጥ ማዘጋጀት

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ በቤቴ ሆኜ የአንገትና የእጅ ጌጥ እሠራለሁ። ቀደም ሲል የምሰካው ከውጭ የሚገባውን የመስታወትና የፕላስቲክ ጨሌ ነበር፤ ከአምስት ወር ወዲህ ግን ከእንስሳ፣ ከዛፍና ከባሕር በሚገኝ የተፈጥሮ ዶቃ ብቻ ለመሥራት ወስኜ ሦስት ነገሮች አስቸግረውኛል።

የመጀመሪያው ከአያቴ የወረስኩት ባለ ትልልቅ ቢጫ ፍሬ ድሪ ነው። አያቴ ለሠርጋቸው ከባቲ ገበያ እንደተገዛላቸውና ፍሬውም አምበር እንደሆነ ይነግሩን ነበር። በትኜ ከብር ጋር እንደገና ልሰካው ሳስብ አንድ ነጋዴ አየውና «ይህ ፕላስቲክ ነው» አለኝ፤ በጣም አዘንኩ። ሳልጎዳው የማረጋግጥበት መንገድ ይኖር ይሆን? ሁለተኛ፣ ከከብት አጥንት የሠራሁት ዶቃ በሁለት ወሩ ቢጫ ሆነ፤ ፀሐይ ሲነካውም የስብ ሽታ ያመጣል። ሦስተኛ፣ ከኮርች ዛፍ ሥር የለቀምኩትን ቀይ ፍሬ በስቼ ለአንዲት ደንበኛዬ አምባር ሠርቼላት ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ነቀዝ የበላውን ይዛ መጣች። ገንዘቧን መልሼላታለሁ፤ ሐፍረቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የሰኞ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ የባቲን የሰኞ ገበያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሼበታለሁ፤ ዛሬም ቢሆን ቢጫ ዶቃን በዐይን ብቻ አይቼ ለመፍረድ አልደፍርም። አምበር ድንጋይ አይደለም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከዛፍ የፈሰሰ ሙጫ ከመሬት በታች ተቀብሮ የጠነከረ ስለሆነ ሲይዙት ይቀላል፤ እንደ መስታወትም እጅን አያቀዘቅዝም።

ድሪውን ከመበተንሽ በፊት የፍሬዎቹን ቅደም ተከተል በፎቶግራፍ ያዢ። ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ እስኪሟሟ አማስዪው። አምበር በዚህ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ መስታወትና ቤክላይት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ግን ይሰምጣሉ። ስትጨርሺ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ በለስላሳ ጨርቅ አድርቂው።

የተንሳፈፈ ሁሉ ግን አምበር ነው ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀላል ፕላስቲክም ይንሳፈፋል፤ ኮፓል የሚባለውና ገና በቂ ዕድሜ ያላገኘው የዛፍ ሙጫም እንዲሁ። ኮፓልን የሚያጋልጠው የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ የሚያገለግለው አሴቶን የተባለ ፈሳሽ ነው፤ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ አድርገሽ ጥቂት ቆይተሽ በጣትሽ ስትነኪው የሚያጣብቅ ከሆነ ኮፓል ነው። ፕላስቲክም በአሴቶን ሊለሰልስ ስለሚችል፣ የመጨረሻው መለያ በእሳት የጋለ መርፌ ነው፤ ጠባሳ ስለሚተው ከቀዳዳው ውስጥ እንጂ ከውጭ አይነካም። አምበር እንደ ጥድ ሙጫ፣ እንደ ዕጣን ይሸታል፤ ቤክላይት አይቀልጥም፤ የሚሸተውም አፍንጫን የሚወጋ የመድኃኒት ሽታ ነው።

ነጋዴው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለትም አልችልም። ቤክላይት የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከዚህ ዓይነት ፕላስቲክ በአውሮፓ የተሠሩ ቢጫ ዶቃዎች በአምበር ስም ወደ አፍሪካ በብዛት ገብተዋል። አያትሽ አልዋሹም፤ እርሳቸውም የተነገራቸውን ነው የነገሩሽ። ደግሞም አምበር ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ አይምሰልሽ፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ በወንጪት ወንዝ ሸለቆ አምበር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ዕድሜውን ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ገምተውት ነበር፤ በኋላ በተደረገ ጥናት ግን ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ታርሟል። ሊቃውንቱ እንኳ እንዲህ ካረሙ የገበያ ሰው በአንድ እይታ ባይፈርድ ይሻላል።

ቀንድ ጠራቢ (ደሴ)

እህቴ፣ የአጥንትሽ ችግር ስቡ ሳይወጣ መሠራቱ ነው። አጥንት ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ስብ ተደብቆ ይቀርና ሙቀት ባገኘ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ለማንጻት ሲል በኃይል ያፈላዋል፤ ይህ ደግሞ ስቡን ይበልጥ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፣ አጥንቱንም ተሰባሪ ያደርገዋል። እኔ ሥጋውንና መቅኔውን አስወግጄ፣ በመጋዝ ከቆራረጥኩ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር እየለወጥኩ፣ ቅባት መልቀቁን እስኪያቆም ሳምንታትም ቢፈጅ እጠብቃለሁ። ለማንጣት ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ባለ ሦስት በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እጠቀማለሁ። በረኪና ግን ፈጽሞ አታስነኪው፤ አጥንቱን አያይዞ የያዘውን ነገር ስለሚበላው ውሎ አድሮ ይፈረፈራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ልለምንሽ። አጥንትም ሆነ ቀንድ ተመርምሮ ከታረደ ከብት፣ ማለትም ከቄራ ካልሆነ አትውሰጂ። ሜዳ ላይ ሞቶ የተገኘ ከብት በአባሰንጋ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ የአባሰንጋ ተህዋስ በአጥንት፣ በቀንድና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስትሞርጂና ስትበሺም እያራስሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ሥሪ፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። የዝሆን ጥርስ ነው ብሎ የሚያቀርብልሽ ሰው ቢመጣም አትግዢ። ንግዱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጥላለች።

ፍሬ ለቃሚ (ኮምቦልቻ)

ነቀዙ ወደ አምባሩ የገባው ከተሰካ በኋላ አይመስለኝም። ተባዩ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ሊሆን ስለሚችል፣ ደህና የሚመስል ፍሬ ውስጡ ትል ይዞ ወደ ቤት ይገባል። የለቀምሽውን ውሃ ውስጥ ጨምረሽ የተንሳፈፈውን ጣዪ፤ የቀረውን በጥላ ሥር በደንብ አድርቀሽ፣ በላስቲክ ቋጥረሽ ለአንድ ሳምንት በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል አስቀምጪ። መብሳቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

የኮርች ፍሬ ግን መርዛማ መሆኑን ለደንበኞችሽ ንገሪያቸው። ከእርሱ የከፋው ደግሞ በሐረግ ላይ የሚያፈራው፣ ዐይኑ ጥቁር የሆነ ደማቅ ቀይ ትንሽ ፍሬ ነው። ሳይሰበር ከተዋጠ ቅርፊቱ መርዙን ሊይዘው ይችላል፤ እኛ ለዶቃ ስንበሳው ግን ያንኑ መከላከያውን እንከፍተዋለን። አንድ ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላልና ለማንም፣ በተለይ ለልጅ፣ አትሥሪበት። በምትኩ ወይራን ሞክሪ፤ ጠንካራ ነው፣ ነቀዝም አይደፍረውም፣ መቁጠሪያና ሙስበሃም ይሠራበታል። ቶሎ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ ግን እንጨቱን ቀስ አድርገሽ በጥላ አድርቂው።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አባቴ፣ እንደነገሩኝ አድርጌ ሞከርኩት። ከሃያ ሰባቱ ፍሬዎች አሥራ ዘጠኙ ሰመጡ፤ ስምንቱ ተንሳፈፉ፣ ከእነርሱም ሁለቱ በአሴቶን ተጣበቁ። ከቀሩት ከስድስቱ አንዱን በቀዳዳው በኩል በጋለ መርፌ ነካሁት፤ ቤቱን የዕጣን ሽታ ሞላው። ድሪውን አፍርሼ ሌላ ጌጥ የመሥራት ሐሳቤን ትቻለሁ፤ አያቴ ባጠለቁት ቅደም ተከተል መልሼ እሰካዋለሁ። በየፍሬው መካከል ቋጠሮ ያስፈልገው ይሆን?

የሰኞ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ያስፈልገዋል፣ ልጄ። አምበር ለስላሳ ስለሆነ እርስ በርሱ ሲፋተግ ጠርዙ ይረግፋል። በሽቦ ሳይሆን በጠንካራ የጥጥ ወይም የሐር ክር ስኪው፣ በየመካከሉም ቋጥሪበት፤ ሽቶ ተቀብተሽም ወዲያው አታጥልቂው።