ልጄ ማባዛትን በቃሉ ይሸምድድ ወይስ ይቅርበት?

የልጁ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው፣ ማባዛት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል፣ 6 ጊዜ 7 ስትሉት ሰባትን እየደማመረ ይደርስበታል ግን በጣም ይቆያል፣ አሁን ረጅም ማካፈል ሲጀምሩ ደግሞ መሀል ላይ የት እንደነበረ ይጠፋበታል። አባቱ ይሸምድድ ይላል፣ እኔ ሒሳብን እንዳይጠላብኝ ፈራሁ፣ ደሞስ ካልኩሌተር እያለ ግድ ነው እንዴ?

ቲቸር፦ ግድ ነው እህቴ። ሲያካፍል ቅደም ተከተሉንም መያዝ አለበት፣ 6 ጊዜ 7 ስንት እንደሆነም መቁጠር አለበት፣ ቁጥሩ ላይ ሲቆይ ሌላው ይጠፋዋል። ክፍልፋይ ላይ ይብሳል፣ 42/56 ሲሰጠው ሁለቱም የ7 ብዜት መሆናቸው ካልታየው በምን ያቃልለዋል? ካልኩሌተሩም ለስንት አካፍል ብሎ አይነግረውም። ግን በዜማ ብቻ አታስይዢው፣ እንደዛ የያዘ ልጅ 7 ጊዜ 8 ስትዪው ከ7 ጊዜ 1 ጀምሮ እየዘመረ ነው የሚመጣው። አደበላልቀሽ ጠይቂው።

አንድ አባት፦ ቲቸር ልክ ነው፣ ብቻ ሰዓት ይዛችሁ አታስጨንቁት በናታችሁ! የኔዋ ሰዓት ሲያዝባት የምታውቀውም ይጠፋባት ነበር።

የማታ ተማሪ፦ እኔ ሽምደዳ ብቻውን አላምንበትም፣ ሲረሳ መውጫ ይኑረው። በ8 ማባዛት ሶስት ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው፣ 7፣ 14፣ 28፣ 56 አለቀ። 9 ጊዜ 7 ደግሞ 70 ሲቀነስ 7፣ 63። 6 ጊዜ 7 ከጠፋው 5 ጊዜ 7 ላይ አንድ 7 ይጨምር።

የልጁ እናት፦ እሺ እሱስ ይሁን፣ ግን ከ1 እስከ 10 መቶ ነገር ነው እኮ፣ ከየት ልጀምር?

ቲቸር፦ ኧረ መቶ አይደለም 😀 የ1፣ የ2፣ የ5 እና የ10ን ያውቃቸዋል ብዬ ነው፣ የ9 ከላይ በተባለው ዘዴ ይወጣል፣ 7 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 7 ደሞ አንድ ነው። የሚቀሩት 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8 እርስ በርስ ሲባዙ ነው፣ ቁጠሪያቸው 15 ብቻ ናቸው። በቀን ሁለቱን ስጪው፣ በማግስቱ ከትናንቱ ጋር ቀላቅለሽ ጠይቂው፣ ሳምንት ቆይተሽም መልሺበት። ከ3 እና ከ4 ጀምሪ፣ የ6፣ የ7 እና የ8 ለመጨረሻ ይቆዩ።