ጥቆማ፦ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የፊት ቆዳ እንክብካቤ ሙያ የት ልማር?

ሐና የሳሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ። ውጤቴ ግማሹን አልሞላም፤ ሪሚዲያል ግን ደርሶኛል። ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ፌሻል፣ ዋክስ፣ ቅንድብ፣ የብጉርና የማዲያት እንክብካቤ። ፀጉር ሥራ አላልኩም፤ ሹሩባ ስሠራ ደንበኛዋም ታንቀላፋለች፣ እኔም አንቀላፋለሁ። ሁለት ቦታ ጠይቄያለሁ። አንደኛው ቦሌ ያለ የግል ማሠልጠኛ ነው፤ ሦስት ወር፣ 38 ሺህ ብር፣ የሚሠራበትን ቅባት ሁሉ ራሱ ይሸጣል። ሁለተኛው የመንግሥት ፖሊቴክኒክ ነው፤ ክፍያው ይህን ያህል አይከብድም፣ ግን ፀጉሩንም ጥፍሩንም አብሮ ያስተምራል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል? የተማረበት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። እናቴ ዲግሪ ካልያዝሽ ብላ አኩርፋለች።

ማርታ ገርጂ፦
ከሁለቱም አትግቢ። ገርጂ አንዲት ሴት አለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእርሷ በቀር ፊቴን ማንም ነክቶት አያውቅም። እጇ ወርቅ ነው።

ሐና የሳሪሷ፦
እሺ እህቴ። ሥልጠና ትሰጣለች?

ማርታ ገርጂ፦
ሥልጠና ትሰጣለች አላልኩም። እጇ ወርቅ ነው አልኩ እንጂ።

ብዙነሽ፦
ሦስት ወር የሚለውን ሳነብ ጉንጬን ዳበስኩት። የእህቴ ሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማዲያቴን ላስጠፋ ብዬ አንድ ስም ያለው ቤት ገባሁ። የመጣችልኝ ልጅ እንደ ሐና ገና ለጋ ናት። ፊትሽን እናላጠው፣ እንደ ሕፃን ይሆናል አለችኝ። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ብጠይቃት ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። ያኔ መነሣት ነበረብኝ። አቃጠለኝ ስላት "እየሠራ ስለሆነ ነው" አለች። በሦስተኛው ቀን ጉንጬ ተልጦ ሥሩ ጠቆረ። ሰርጉ ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስለተከናነብኩ የሙሽራው ዘመዶች ሐዘን ላይ ያለሁ መስሏቸው "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። አቤቱታ ይዤ ስመለስ ደግሞ ስም የሌለው ነጭ ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝ። በሳምንቱ ፊቴ ፈካ። ባቆመው ቀላ፣ ብጉርም ወረረው። አለርት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ቅባቱ ስቴሮይድ ሳይኖርበት አይቀርም ተባልኩ። ለመዳን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።

ሰላም የጀሞዋ፦
የትኛው ቤት ነው? እኔም ለሰርግ ልሠራ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ብዙነሽ፦
ስሙን አልጽፍም። ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ገንዘቤንም መልሰዋል።

ሰላም የጀሞዋ፦
ለእኛስ ሽማግሌ ማን ይልክልናል?

ትዕግሥት፦
ለማዲያት ምንም ቤት አያስፈልግም። እርድ በማር ለውሳችሁ ማታ ማታ ተቀቡ። እናቴ ደግሞ እሬት ትላለች።

ባለ መድኃኒት ቤት፦
እርዱ ትራሱን ቢጫ ያደርጋል እንጂ ብዙም አይጎዳም። የሚያስፈራው የብልቃጡ ቅባት ነው። ክሎቤታሶል ለችፌና ለመሰል ሕመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡት ቆዳ ይሳሳል፣ የደም ሥር ወጥቶ ይታያል። ሃይድሮኪኖንም ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ሊያስለቅቁት የፈለጉትን ጥቁረት ራሱ ሊያመጣው ይችላል። ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅያ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን ማቅያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ እንዳይመረት ከለከለ፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበትን ሁሉ ከልክሏል። ማዲያት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የፀሐይ መከላከያ ነው። ያለ እርሱ ሌላው ሁሉ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ሰላም የጀሞዋ፦
የትኛውን መከላከያ ልግዛ? ፊት ላይ አመድ የሚመስለውን አልፈልግም።

ባለ መድኃኒት ቤት፦
የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መግለጫው የሚነበብ፣ ማብቂያ ቀኑ ያልተፋቀ። አመድ የሚያስመስሉት ብዙውን ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ያለባቸው ናቸው፤ ቀለም የገባበትን ጠይቂ።

ማርታ ገርጂ፦
የገርጂዋ ሴት መከላከያ ቀቢ ብላኝ አታውቅም፣ ፊቴ ግን መስታወት ነው።

አባ ጨዋታ፦
ልጅቷ ትምህርት ቤት ጠየቀች፤ እናንተ የቅባት ገበያ ዘረጋችሁ። ለራሰ በራ የሚሆን ካለ ለእኔም አስቀምጡልኝ። ሐና፣ ሦስት ወር ፊት ለመዳበስ ጥሩ ጊዜ ነው። ሹፌርም ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ጊዜ አይማርም፤ ልዩነቱ እርሱ መንጃ ፈቃድ መጠየቁ ነው።

መምህር ነኝ፦
ሪሚዲያሉን አትተዪው። በውጤትሽም አትሸማቀቂ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እናትሽ ልክ ናቸው።

እትዬ ወይንሸት፦
አባ ጨዋታ ቀልደህ እውነቱን አወጣኸው። ሐናዬ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የጠየቅሽውን ልመልስልሽ። ቅባት የሚሸጥ ማሠልጠኛ ቆዳ አያስተምርሽም፣ የራሱን ቅባት ነው የሚያስተምርሽ። ከዚያ ስትወጪ ያ ብልቃጥ ከሌለ እጅሽ ባዶ ነው። የብዙነሽን ፊት የላጠችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። ወረቀቱን ብቻ ነው ያስተማሯት።

ገንዘብ ሳትከፍዪ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ለማየት ፍቀዱልኝ በያቸው። እምቢ ካሉ መልሱን አገኘሽ። ከፈቀዱ ዋክስ የምትሠራዋን ልጅ እጅ ተመልከቺ፤ ደንበኛዋን የነካችበትን እንጨት መልሳ ማሰሮው ውስጥ ከከተተች ተነሥተሽ ውጪ። የብጉር መርፌውን በምን እንደሚያጸዱ ጠይቂ። ሰማያዊ መብራት ያላትን ሣጥን ካሳዩሽ፣ እርሷ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ ጀርም ማጥፊያ አይደለችም፤ ደም የነካ ብረት በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ላይ ነው የሚጸዳው፣ አለበለዚያ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው። አዲስ ቅባት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ሞክረው ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቁ እንደሆነም እዪ። የሌዘር ነገር ቢያባብሉሽ የእኛ ዓይነት ጥቁር ቆዳ ቶሎ እንደሚቃጠልና እንደሚጠቁር አስቢ፤ ያንን ለሐኪም ተይው።

ስለ ወረቀቱ፦ የማሠልጠኛው ሰርተፊኬት ግድግዳ ያሳምራል። አሠሪም ሆነ ፈቃድ ሰጪ የሚጠይቅሽ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የምንለውን ነው። የትኛውም ቤት ብትማሪ በየትኛው ደረጃ ለምዘና እንደሚያቀርብሽ በጽሑፍ ይስጡሽ። ፀጉርና ጥፍር አብሮ መማሩንም አትናቂው። ብዙ ሳሎን ደመወዝ የለውም፣ በፐርሰንት ነው የምትሠሪው፤ በጾም ወራት ፌሻል የሚሠራ ደንበኛ ሲጠፋ እኔን ያቆየኝ ፔዲኪውር ነው።

ከሜሪላንድ፦
እትዬ ወይንሸት ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ውጭ የመውጣት ሐሳብ ካለሽ፣ እዚህ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ለፊት ቆዳ ባለሙያ ፈቃድ 600 ሰዓት ሥልጠናና የግዛት ፈተና ይጠየቃል። እኔ አራት ዓመት አዲስ አበባ ሠርቼ መጥቼ ከሀ ጀምሬያለሁ። ስለዚህ ለአሜሪካ ብለሽ ውድ ማሠልጠኛ እንዳትከፍዪ። እጅሽ የለመደው ግን አብሮሽ ይመጣል፤ ክፍላችን ውስጥ ቅንድብ በክር ማንሣት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐና የሳሪሷ፦
እትዬ ወይንሸት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዱኝ። ትናንት ቦሌ ሄጄ ልቀመጥና ልይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እንግዳ ስለሚበዛ ቅዳሜ ተመለሺ አሉኝ። ፖሊቴክኒኩም ሄድኩ፣ መዝጋቢዋ ምሳ ወጥታ ነበር። አንድ ጥያቄ፦ ለምዘናው ዕቃ ይዞ መሄድ አለብኝ ወይስ እዚያው ይሰጣሉ?

ማርታ ገርጂ፦
የገርጂዋን ሴት ስልክ በውስጥ ልኬልሻለሁ። እኔ የላክሁሽ መሆኔን ንገሪያት።

እትዬ ወይንሸት፦
እንደ ምዘና ጣቢያው ነው፤ ቀድመሽ ጠይቂ። የራስሽን ፎጣና ጓንት ግን ምንጊዜም ያዢ። ቅዳሜ እንዴት ሆነ?

አባ ጨዋታ፦
ቅዳሜ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው እኮ። ሐና፣ ለመሆኑ የቱን መረጥሽ?

ሰላም የጀሞዋ፦
እዚህ ያላችሁ፣ ቀጠሮዬን ሰርዣለሁ። ጀሞ አካባቢ ወይባ በደንብ የሚያስሞቅ ቤት የምታውቁ?