የዝሆን ቤተሰብን የምትመራው ለምን አሮጊቷ ሆነች?

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ይህን አንድ ተማሪዬ ጠይቆኝ አጥጋቢ መልስ አጣሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ 1፦ መምህር፣ ዋናው ነገር ልምድ ይመስለኛል። በ1993 እ.ኤ.አ. በታንዛኒያው ታራንጊሬ ፓርክ ድርቅ በጸና ጊዜ፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት የደረሰውን ድርቅ ለማየት ዕድሜያቸው የፈቀደላቸው አሮጊቶች የሚመሯቸው ቤተሰቦች ውኃና መኖ ፍለጋ ከፓርኩ ወጡ፤ ከቀሩትም ይልቅ ያጡት ግልገል ያነሰ ነበር።

መልስ 2፦ ወንዶቹ ግን በዐሥራዎቹ ዕድሜ ከእናታቸው ቤተሰብ ይለያሉ። ብቸኞች ናቸው መባሉ የተጋነነ ነው፤ ወጣቶቹ አንጋፋዎቹን ይከተላሉና።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግልገሉንስ የምትጠብቀው እናቱ ብቻ ናት?

መልስ 1፦ አይደለችም። 22 ወር ያህል ተረግዞ የተወለደውን እኅቶችና አክስቶችም ይጠብቁታል፤ የእኛን አራስ ቤት ያስታውሰኛል።