ጥቆማ፦ ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ እንቅስቃሴ ለመጀመር ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ጂም ወይስ ሜዳ?

ይህ ጥቆማ አምስት ኪሎ ቀንሶ ሱሪው ልክ እንዲሆንለት ለሚፈልግ ሰው አይደለም። ለእሱ የሚሆን ምክር ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ለሚያርፍ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር ማሰር ለሚያቅተው፣ ለመቶ እርምጃ መንገድ ባጃጅ ለሚጠራ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔ እንደዚያ ነበርኩ። ዕድሜዬ 39፣ ኪሎዬ 128። ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ስለዚህ ሁለቱንም ከተማ በእግሬ ሞክሬያቸዋለሁ። ብር ያወጣሁባቸውን ነገሮችም አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የጠቀመኝንም ያልጠቀመኝንም እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግፊትና ስኳር ተለኩ። ጤና ጣቢያ ይበቃል። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ዓመታት ይኖራል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። እንቅስቃሴ ስኳርን ያወርዳል፤ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ስትሄዱ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ፣ ወይም ቁጭ ብላችሁም ትንፋሻችሁ አልመለስ ካለ፣ እዚያው ቁሙና ሆስፒታል ሂዱ። «አሁን ያልፋል» አትበሉ።

አሁን ወደ ቦታው። ለከባድ ጀማሪ ኮምቦልቻ ከደሴ ይሻላል። ይህን ስል ይከብደኛል፤ ደሴ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። ግን ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከበራችሁ ስትወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ኮምቦልቻ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ ግን 600 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። አየሩ ይሞላል፤ መሬቱም ከቦርከና ወንዝ ጋር ይዘረጋል። ደሴ ላይ በአምስት ደቂቃ ያልቅ የነበረው ትንፋሼ ኮምቦልቻ ላይ አሥር ደቂቃ ያስኬደኝ ነበር። ለጀማሪ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በሁለተኛው ቀን የሚያስወጣችሁ እሱ ነው።

የኮምቦልቻ ችግሩ ሙቀቱና የከባድ መኪናው አቧራ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ውጡ። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለውን የሰፈር መንገድ ምረጡ።

ደሴ ለምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከቤታችሁ አጠገብ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የኳስ ሜዳ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዙሪያ ሊሆን ይችላል። ረጅም መሆን የለበትም። እዚያው መመላለስ ነው። ሲደክማችሁ ቤታችሁ ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ ቁልቁለቱን ፍሩት። ብዙዎቻችን ዳገት ይጎዳል፣ ቁልቁለት ይቀላል ብለን ነው የምናስበው። ለልብና ለሳንባ እውነት ነው። ለጉልበት ግን ተቃራኒው ነው። ስትወርዱ ያ ሁሉ ክብደት በየእርምጃው ጉልበት ላይ ያርፋል። እኔ ጉልበቴ እየታመመ ሁለት ወር ሙሉ ይህን አላወቅሁም። የነገረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ቀስ ብዬ በእግሬ እወጣለሁ፣ ስመለስ በባጃጅ እወርዳለሁ። ሰው ግራ ይገባዋል። ይግባው። የባጃጁ ሒሳብ ከጉልበት ሕክምና ይረክሳል።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳም ጥሩ ነው፤ እንደ ስሙ ሜዳ ነው። ብርዱ ግን ከደሴም ይብሳልና ደረብ አድርጉ። ሐይቁ ዳር ያለችው ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለየቀኑ አይሆንም። ለእሑድ ግን ከሱ የሚበልጥ አላየሁም። ውኃውን እያያችሁ ስትሄዱ ደቂቃ መቁጠር ትረሳላችሁ። ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱ።

ስንት ደቂቃ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ። እሱ መድረሻው ነው። እኔ በአምስት ደቂቃ ነው የጀመርኩት። ጠዋት አምስት፣ ከምሳ በኋላ አምስት፣ ማታ አምስት። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጨመርኩ። 150 ላይ የደረስኩት ቀስ በቀስ ነው። መመለስ እንዳለ አትርሱ፤ ሳይደክማችሁ ዙሩ። ፍጥነታችሁን ደግሞ በአፋችሁ ለኩት። እየሄዳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ ባቲን ወይም አምባሰልን ማዜም ግን ካቃታችሁ ልክ ናችሁ። ማውራትም ካቃታችሁ ቀንሱ። ማዜም ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ።

ብር የሚወጣበት የመጀመሪያው ነገር ጫማ ነው። ጂም አይደለም፣ ቱታም አይደለም። ሦስቱንም ዓይነት ሞክሬያለሁ። ሸራ ጫማ ርካሽ ነው፣ ግን ሶሉ ስስ ስለሆነ ተረከዝ ያሳምማል። ፎርጅዱ ስኒከር ያምራል። የእኔው በሁለት ወር ውስጥ ሶሉ ተኛ፤ ማስቲሹም ለቀቀ። ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ሰልባጅ ነው። ደሴ ላይ ሰኞ፣ በገበያ ቀን ብትወጡ ታግሶ ለሚመርጥ ሰው ጥሩ ነገር አይጠፋም። ግን አገላብጣችሁ እዩ። ሶሉ በአንድ ጎን የተበላ ከሆነ ተውት፤ የሌላ ሰው አረማመድ ይዞ ነው የመጣው። በእጃችሁ እጠፉት። ጣት ጋ ከታጠፈ ጥሩ ነው፤ መሃል ላይ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ አይሸከማችሁም። ተረከዙን ከኋላ ጨመቅ አድርጉት፤ ጠንከር ማለት አለበት። ጠዋት አትግዙ። የከባድ ሰው እግር ማታ ያብጣል፤ ከሰዓት በኋላ ለኩት። ጣታችሁ ፊት ለፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር።

ስለ ጭን መፋተግ ማንም አያወራም። ብዙ ሴቶች ግን የሚያቆሙት በእሱ ነው። ሳይቆስል በፊት ቫዝሊን ተቀቡ። ከቀሚስ ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ታይት ልበሱ። ቀሚስ ወይም ጅልባብ የሚያስቀር ነገር አይደለም፤ እኔም ሁሌም በቀሚስ ነው የምሄደው። ጫፉ እንዳይጠልፋችሁ ብቻ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል።

ሚዛን። መንገድ ላይ ልጆች ይዘው የሚቀመጡት ሚዛን ብዙውን ጊዜ ከ120 ወይም ከ130 ኪሎ በላይ አይለካም። እኔ የወጣሁ ቀን ቀስቱ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ልጁ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለዚህ ነው የምነግራችሁ፦ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው፤ ለእናንተ አልተሠራም። ዲጂታሉ እስከ 150፣ አንዳንዱም እስከ 180 ኪሎ ይለካል፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡ። ለቤት ሚዛን ባትገዙም ችግር የለም። እኔ በወር አንዴ ብቻ ነው የምለካው። ከዚያ ይልቅ ሳልቆም የሄድኩትን ደቂቃ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ወር ኪሎዬ ምንም አልተነቃነቀም። ደቂቃው ግን ከአምስት ወደ 13 ሄዷል። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ አቆም ነበር። ደግሞ ትንሽም ብትቀንሱ ትንሽ አይደለም። ጉልበታቸውን በሚያማቸው ከባድ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀል አሳይቷል። አምስት ኪሎ ማለት ከጉልበታችሁ ላይ 20 ኪሎ ጤፍ ማውረድ ማለት ነው።

ጂም። ሁለት ጂም ሞክሬያለሁ፤ አንዱ ጎዳኝ፣ አንዱ ጠቀመኝ። የጎዳኝ በመጀመሪያው ቀን ከሌሎቹ ጋር አሰልፎ ሲያዘልለኝ ዋለ። አሠልጣኙ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ግን ለእንደኔ ዓይነት ሰው አልተማረም። ጉልበቴ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። የወር ክፍያዬንም አልመለሱልኝም። ሁለተኛው ጋ አሠልጣኟ መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ግፊቴን፣ መድኃኒቴን፣ የሚያመኝን ጠየቀችኝ። ከዚያ ባለበት የሚሽከረከረው የጂም ብስክሌት ላይ አምስት ደቂቃ፣ ላስቲክ በእጅ መሳብ፣ በቃ። ወደ ቤት ላከችኝ። በማግስቱ በደስታ ተመለስኩ።

ስለዚህ ጂም ስትመርጡ የማሽኑን ብዛት አትዩ። ይህን ጠይቁ፦ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ ደረጃው ራሱ ይጨርሳችኋል። የሴቶች ሰዓት አለው? በቀን መክፈል ይቻላል? የመሮጫ ማሽኑ ስንት ኪሎ ይሸከማል? ለቤት የተሠሩት ብዙዎቹ 100 ወይም 120 ኪሎ ላይ ያበቃሉ፤ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ከቻላችሁ ለሦስት ወር ቀድማችሁ አትክፈሉ። ለእኔ ጂም የጠቀመኝ ከአራተኛው ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው በቂ ነበር፣ በነፃ። መዋኛ ያለው ሆቴል ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ ደግሞ ዋና ባትችሉም ውኃው ውስጥ ጠርዙን እየያዛችሁ መራመድ ትችላላችሁ። ውኃ ክብደትን ስለሚሸከም ጉልበታችሁ ላይ አይከብድም።

የደሴ ክረምትና ጉም ሲመጣ ጭቃው አያስወጣም። ያኔ ቤት ውስጥ ነው። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ግድግዳ ላይ አስደግፉና ከሱ ላይ መነሳትና መቀመጥ። መጀመሪያ በእጅ ተደግፎ አምስት ጊዜ። ግድግዳ ገፋ እያደረጉ ፑሽ አፕ። በሁለት እጅ በውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ማንሳት። የጡንቻ ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ይበቃል። የምንሰግድ ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መጎንበስና መነሳቱ ለካ ለእግር ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ወንበር ላይ ሆኜ እሰግድ የነበርኩት በስድስተኛው ወር መሬት ወርጄ ተነሳሁ። ከሁሉም ለውጥ የምወደው ይህን ነው።

እንዳትገዙ የምለምናችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቦርጭ ያጠፋል የሚባለው ቀበቶ ነው። ያልባል፤ የሚወጣው ግን ውኃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል። ሁለተኛው የማቅጠኛ ሻይ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። እኔን ሦስት ቀን አስቀምጦኝ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቀነሰ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። በዚያ ብር ጥሩ ካልሲ ግዙ።

ወሬውም ይመጣል። ስትወፍሩ «ተመችቶሻል» ያለው ሰው ስትቀንሱ «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» ይላል። ለእናቴ እንኳ ማስረዳት ነበረብኝ። በኋላ እሷንም ይዣት መውጣት ጀመርኩ፤ አሁን ከቡና በፊት አብረን አንድ ዙር እንሄዳለን፣ አቦሉ ስንመለስ ይደርሳል። መንገድ ላይ ልጆች ቢጮሁባችሁ አብሽሩ፣ ቀጥሉ። በሦስተኛው ሳምንት ይለምዷችኋል።

ወልድያ፣ ከሚሴ፣ ባቲና መርሳ ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ የእናንተን ከተማ አላውቀውም። ደልዳላ መሬት፣ ምድር ቤት ያለ ጂም፣ ወይም ከባድ ሰው የሚገባው አሠልጣኝ የምታውቁ ከሥር ጻፉልን። ሰፊ እግር የሚሆን ከ42 ቁጥር በላይ የሴት ጫማ የት እንደሚገኝ የምታውቁም ንገሩኝ። እኔ እስካሁን የወንድ ነው የማደርገው።